በእንጨቷ መንኮራኩር ውስጥ ማን ይቅደም?

ድሬዳዋ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ከዚራ ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጥኩ ቁጥር ሰው ይከበኝና «አቦ ደምሴ፣ ጨረቃ የሚኬድበትን ዕቃ አይተሃል አሉ፤ እስቲ አውራን!» ይለኛል። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ያሻውን ቢጨምር ማን ይመሰክርበታል? ለዚህ ነው በጽሑፍ ማስቀመጥ የፈለግሁት፤ የተጻፈ ነገር እንደ ወሬ በየቀኑ አያድግም። ያየሁት የጨረቃ ዕቃ አይደለም። ከኮምፔንሳቶ የተሠራ ነው። ውስጡ ተቀምጬበታለሁ፤ ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ አልተነሳም። ግን ለጥቂት ልጄን ከሥራዋ ሊያስወጣት ነበር፤ ጥፋቱም የእኔ ነበር።

ቅዳሜ

ለማያውቀኝ ሰው፦ በምድር ባቡር ሠላሳ ዓመት ኮንትሮለር፣ ማለትም ቲኬት ተቆጣጣሪ፣ ሆኜ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ሰብለ። ለትምህርት አሜሪካ ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እዚያው መሐንዲስ ሆና ሎስ አንጀለስ ትኖራለች። ቲኬቱን የላከችልኝ እሷ ናት። የመውጫ ወረቀት ለማግኘት የተመላለስኩትን ብጽፍ ግን ራሱን የቻለ መጽሐፍ ይወጣዋልና ልለፈው።

ለጉዞው ብዬ አዲስ ጥቁር ጫማ ገዝቼ ነበር። አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ እንደተነሳ እግሬን ላሳርፍ ብዬ አወለቅኩት። የሠራሁት የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው። ሮም ስንደርስ እግሬ አብጧል። ኒውዮርክ ስንደርስ ጫማው የእኔ ሳይሆን የልጅ መስሏል። አጠገቤ የተቀመጠው ጣሊያናዊ በምልክት «ግፋው፣ ግፋው» ይለኛል፤ እኔም እገፋለሁ፤ ጫማው እንቢ አለ።

እሑድ

ሎስ አንጀለስ የገባሁት በካልሲ ነው፣ ጫማዬን በእጄ ይዤ። ስድሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ተከብሬ ኖሬ አሜሪካን በካልሲ ረገጥኳት። ወንበር ላይ ተቀምጬ እንደገና ስታገል አንዲት ወለል የምትወለውል ሴት አየችኝ፤ በመልኳ ሜክሲኮ ሳትሆን አትቀርም። እንግሊዝኛዋ ከእኔ አይሻልም። መወልወያዋን አስደግፋ የምሳ ዕቃዋን ከፈተችና ማንኪያ አወጣች። ከዚያ በርከክ ብላ የማንኪያውን እጀታ ተረከዜ ላይ አስገብታ አንዴ ሳብ፣ አንዴ ገፋ ስታደርገው እግሬ ገባ። በአማርኛ መረቅኳት። አሜን ያለች መሰለኝ።

ሰብለ በር ላይ ቆማ ነበር። ከስታለች፣ መነጽር አድርጋለች፣ አሳሳቋ ግን ያው የእናቷ ነው። ሁለታችንም ትንሽ አለቀስን፤ ከዚያ መኪና ውስጥ ገባን። የዚያን አገር አውራ ጎዳና እንዴት ብዬ ላስረዳ? መኪናው በወዲህ አምስት መስመር፣ በወዲያ አምስት መስመር እየተጋፋ ይበራል፤ ፊሽካ የሚነፋ የለም፣ ባንዲራ የሚያነሳ የለም። እኛ በአንዲት ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር እንዳይገናኝ ስንቱ ሰው ነበር እንቅልፍ የሚያጣው! ዓይኔን ጨፍኜ ሄድኩ።

ቤቷ ቫን ናይስ በሚባል ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ያለ አፓርታማ ነው። አየሩ እንደ ድሬ ደረቅና ሞቃት ስለሆነ ወዲያው ተስማማኝ። ወንዝ ብላ ያሳየችኝም እንደ ድሬው ወንዝ እንደ ደቻቱ ውሃ የለውም፤ ልዩነቱ የእነሱ በሲሚንቶ ተለስኗል።

ሰኞ

«አባዬ፣ ሥራዬን ና እይ» ብላ በጠዋት ወሰደችኝ። መሥሪያ ቤቷ እዚያው ቫን ናይስ፣ በፍራሽ መደብርና በመኪና ቀለም ቀቢ መካከል ያለ መጋዘን ነው። እኔ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ጠብቄ ነበር።

ነገሩን እንደገባኝ ላስረዳ። አሜሪካኖች ሰማይ ላይ ሰው ወር ከወር የሚኖርበት ጣቢያ ሊሠሩ አስበዋል። ጣቢያ ካለ ሰው የሚያመላልስ ነገር የግድ ነው፤ ይህን ለባቡር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሩሲያኖቹ ሦስት ሦስት ሰው በምትይዝ ትንሽ መንኮራኩር ሲያመላልሱ ኖረዋል። አሜሪካኖቹ ትልቅ መንኮራኩር አላቸው፤ አንዷ ሰባት ሰው እንደያዘች ሰማይ ላይ ከጠፋች ወዲህ ግን ሁሉም የሚጠይቀው «ክፉ ቀን ከመጣ ሰዎቹ በምን ይወጣሉ?» ብሎ ነው። ስለዚህ ስምንት ሰው አድርሳ የምትመልስ፣ ጣቢያው ላይ አደጋ ቢደርስም ሁሉንም ጭና የምታመልጥ ትንሽ መንኮራኩር በየቦታው ትነደፋለች። የሰብለ መሥሪያ ቤት የደረሰው የሆዷ ሥራ ነው፤ ወንበሩ፣ ቀበቶው፣ በሩ። በሩን የነደፈችው ልጄ ናት።

መጋዘኑ መካከል የቆመችው የእንጨት መሞከሪያ ናት። በጎኗ ዘመም አድርገዋታል፤ መንኮራኩር ሁልጊዜ ቀጥ ብላ አታርፍምና። ዞር ዞር ብዬ አየኋትና «በሩ ጠበበ» አልኩ።

«አባዬ፣ በሩ በሰፋ ቁጥር ክብደት ይጨምራል። ክብደት ከጨመረ አትነሳም።»

«እሺ፤ ሰው በዚህ ይወጣል?»

«እሱን ነው ሐሙስ የምናየው» አለችና ድምፅዋ ቀነሰ።

ሐሙስ ፈተና ነው። ስምንት ሰው ይገባል፤ መንኮራኩሯ እንደተቃጠለች ተቆጥሮ ደወል ይደወላል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ካልወጣ የሰብለ በር ይጣላል። ሌላ ቡድን ሌላ በር አዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው። በሩ ከተጣለ እሷም ትሰናበታለች። «የመኖሪያ ወረቀቴ ደግሞ በዚህ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሥራው ከሄደ ወረቀቱም ይሄዳል» አለችኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሎስ አንጀለስ ፀሐይ አላሞቀኝም።

ማክሰኞ

ፌርፋክስ በሚባለው መንገድ ላይ እትዬ አስካለ ምግብ ቤት ከፍታለች። እኔ አንቺ ብላትም ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ይላታል። ገና በሩን ስረግጥ «የሰብለ አባት!» ብላ ከወጥ ቤት እጇን እየጠረገች ወጣች። ሰብለ ተማሪ ሳለች ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ያበላቻት እሷ ነበረች፤ ይህን እስከዚያ ቀን አላውቅም። ምን ብዬ እንደማመሰግናት ጠፋኝና የቀረበልኝን በላሁ። ጥብሱን ስጨርስ ሌላ አመጣች፤ እሱንም ስጨርስ «ምነው፣ አልጣፈጠዎትም እንዴ?» አለች።

እዚያ ተቀምጠን ሳለን ሰብለ ስልክ ተደወለላት። ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። ለፈተናው የተቀጠሩት ስምንት ሰዎች ሁሉም ስፖርተኞች ነበሩ። የሥራው ባለቤት ወኪል ሚስ ኖራ የምትባል ፈረንጅ «ጣቢያው ላይ የሚኖረው ሁሉ ጎረምሳ አይደለም፤ ሳይንቲስቱም ሐኪሙም ይሄዳል፤ አጭርም ረጅምም፣ በዕድሜ የገፋም ይኑርበት» ብላ መለሰቻቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ሰው ከየት ይመጣል?

ከድር የሚባል የወሎ ልጅ፣ ባለታክሲ፣ ጎናችን ሻይ ይጠጣ ነበር። «ሶ፣ ምን ችግር አለው?» አለ። «ሐሙስ ኦፍ ነኝ። ፓርኪንግ ከሚሠሩት የእኛ ልጆች አምስት ሰው አመጣለሁ፣ እኔ ድራይቭ አደርጋለሁ። አጭርም ረጅምም አለን፣ ኦኬ? በዕድሜ የገፋም…» ብሎ ወደ እኔና ወደ እትዬ አስካለ አየና አፈረ።

«እኔን ነው?» አለች እትዬ አስካለ። «እሄዳለሁ! እዚያ ላይ ወጥ አትሠሪም እስካላሉኝ ድረስ።»

ሰብለ አቅፋ ሳመቻት። እኔም በደስታ ተነስቼ ቆምኩ። ያን ጊዜ እኛ ምን ዓይነት ሰዎች እንደሆንን ያሰበ አልነበረም።

ረቡዕ

ሰብለ ሥራ ስለበዛባት ከድር በታክሲው ሲያዞረኝ ዋለ። ዳውንታውንን አየሁ፤ መኪና ብቻ የሚያድርበት ባለ ስምንት ፎቅ ቤት አላቸው። የእኛ ሰው እንኳን ለመኪናው ለራሱም ስምንት ፎቅ የለው።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ራበኝ፤ ጾም ነው። ከድር አንድ የሜክሲኮ ባቄላ የሚሸጥ ጋሪ ዘንድ አቁሞ ወረደ። ከሻጩ ጋር ሲከራከር ቆየና ተመልሶ «የአሳማ ስብ አለበት ጋሼ» አለ። ሁለተኛው ጋሪም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ሻጯ ሴት ድስቱን ከፍታ አሳየችው፣ የዘይቱን ጠርሙስም አወጣች። መኪናው ውስጥ ሆነን እሱ በሃይማኖቱ እኔም በጾሜ የተፈቀደውን ያንን ባቄላ በላን። «ሁለታችንም የምንበላው ሲገኝ እንዲህ ይጣፍጣል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከአሜሪካ ምግብ እስካሁን የሚናፍቀኝ እሱ ነው።

ሐሙስ

ስምንታችንም ቱታ ለበስን። እትዬ አስካለ ቱታውን በነጠላ ላስር ብላ ተከለከለች። መቀመጫው የተደለደለው በቁመት ነበር፤ አጭር ሰው ወደ ጥግ ይገባል። ስለዚህ እኔ መጨረሻው ጥግ፣ እትዬ አስካለ ከጎኔ፣ አምስቱ የፓርኪንግ ሠራተኞች መካከል፣ ከድር በሩ አጠገብ። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር የአዛዡ ነው፤ በሩን የሚከፍተው እሱ ነው። ከውጭ ሚስ ኖራ ሰዓት ይዛ ቆማለች። የሰብለ አለቃ፣ ሬይ የሚሉት ወፍራም ሰው፣ ጥፍሩን ይበላል።

ደወሉ ጮኸ። መብራቱ ጠፍቶ ቀዩ ብቻ ቀረ። ከድር ቀበቶውን ፈትቶ እጀታውን ጠመዘዘው፤ በሩ ምንም ሳያንገራግር ተከፈተ። ልቤ በኩራት ሞላ። ከዚያ ከድር ከበሩ ገለል ብሎ ቆመና «ጋሼ፣ ይቅደሙ!» አለኝ።

አምስቱም ወደ ግድግዳው ተጣብቀው መንገድ ለቀቁልኝ።

«ኧረ በጭራሽ!» አልኩ። «አስካለ፣ ቅደሚ።»

«በሞቴ! እርስዎ እያሉ?»

«እኔ የምወርደው መጨረሻ ነው! የባቡር ሰው ነኝ!»

«ጋሼ» አለ ከአምስቱ አንዱ፣ «ሁለታችሁ ካልቀደማችሁ እኛ እንዴት እንሄዳለን?»

የድሬ ሰው አንቱታ አያውቅም እያሉ ያሙናል። ያን ቀን የሚያሙን ሁሉ ባዩኝ! መንኮራኩሯ እየተቃጠለች ነው ተብሎ እኔ እትዬ አስካለን በክርኗ ይዤ እየለመንኳት ነበር። ስንወጣ የሚስ ኖራ ሰዓት ከአራት ደቂቃ አልፏል።

ሰብለ መነጽሯን አወለቀች። «በእናታችሁ» አለች፣ «ይሉኝታ የለም። ለበሩ የቀረበ ይውጣ!» እሺ ብለን እንደገና ገባን። ደወል። ከድር እንደታዘዘው ወጣ፤ ግን ወጥቶ አልሄደም። ዞሮ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና «እጅዎን፣ ጋሼ!» ማለት ጀመረ። ያች ጠባብ በር በእሱ ትከሻ ተደፍና ሌላው ሁሉ ውስጥ ቆመ። ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አምስት ሴኮንድ ፈጀብን።

ሬይ «ሌላ ሰው እናምጣ» አለ። ሚስ ኖራ ግን በእምቢታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ሰብለ በኋላ እንደተረጎመችልኝ «መንኮራኩሯ የምትጭነው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ እንዲህ ነው። ነገ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእነዚሁ» ነበር ያለችው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሰብለ መሪውን አጥብቃ ይዛ ነዳች። ዘጠኝ ዓመት ሳላያት ቆይቼ የመጣሁት እንጀራዋን ልዘጋባት ኖሯል ብዬ አሰብኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት። «አይደለም አባዬ» አለች፤ ግን ወደ እኔ አልዞረችም። እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

ዓርብ

ሲነጋ ሻይ አፍልቼ ጠበቅኳት። «ስሚኝ» አልኳት። «በባቡር ሕመምተኛ ስንጭን የት ነበር የምናስቀምጠው?»

«እኔ እንጃ።»

«በሩ አጠገብ። ለምን? ለእሱ ስናዝን ብቻ አይደለም። ሕመምተኛው ውስጥ ጥግ ላይ ካለ ሰው ሁሉ ወደ ኋላ እያየ ይቆማል፤ መንገድ ይዘጋል። ሕመምተኛው ቀድሞ ከወረደ ግን ሌላው እንደ ውሃ ይፈሳል። እኔን በሩ አጠገብ አስቀምጪኝ።»

«አባዬ፣ የአዛዡ ቦታ ነው። አንተ በሩን ልትከፍት አትችልም።»

«ከድር ከኋላዬ እጁን ዘርግቶ ይክፈት። እስቲ ልጠይቅሽ፤ እኛ ይሉኝታ ይዞን ነው ብለሽ ተናደሻል። እሺ፣ ፈረንጅስ ቢሆን? ስድስት ወር አብሮት የኖረ ጓደኛው እግሩ ዝሎ ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ዘሎት ይወጣል?»

ሻይዋን ወደ ጎን ገፋች። ከዚያ እርሳስ አነሳችና የዳቦውን ካርቶን ገልብጣ መሳል ጀመረች። ስምንት ክብ፣ አንድ በር። ክቦቹን እያጠፋች እንደገና ሳለች። «ከኋላ ወንበር ያለ ሰው እጁ እጀታው ላይ ይደርሳል» አለች ለራሷ። «ወንበሩ አሥር ሳንቲ ሜትር ወደ ፊት ከተሳበ ይደርሳል። አባዬ፣ ጫማህን አድርግ!»

መጋዘኑ ስንደርስ ሬይ ተቆጣ፤ ወንበር ይፈታል ወይ፣ በመጨረሻው ሰዓት ይቀየራል ወይ አለ። ሰብለ ግን መፍቻ ይዛ እንጨቷ ውስጥ ገብታ ወንበሩን ራሷ ፈታችው። ከድርም ጃኬቱን አውልቆ ገባ። ሚስ ኖራ ስትመጣ የካርቶኑን ሥዕል ለረጅም ጊዜ አየችና «ይሞከር» አለች።

እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ እትዬ አስካለ ከጎኔ፣ ከድር ከኋላችን። ከድር ጆሮዬ ሥር «ጋሼ፣ ካልወጡ እኮ ፑሽ ላደርግዎ ነው» አለ።

«ግፋኝ!»

«ኧረ እንዴት አድርጌ ነው እርስዎን የምገፋው?»

«ልጄ ናት የምትወድቀው፤ ግፋኝ ብዬሃለሁ!»

ደወሉ ጮኸ። የከድር እጅ በትከሻዬ ላይ አልፎ በሩን ከፈተ። ብርሃን ገባ። እኔም ተነሳሁ፤ እግሬን አወጣሁ፤ ከዚያ ቆምኩ። ሠላሳ ዓመት ከፉርጎ የወረድኩት ተሳፋሪው ሁሉ ከወረደ በኋላ ነው። ሰው ውስጥ ትቶ መውጣት ሰውነቴ እንቢ አለኝ። ወደ ኋላ ዞሬ ልቆጥራቸው ስል ከድር «አፉ ይበሉኝ ጋሼ!» ብሎ በሁለት እጁ ጀርባዬን ገፋኝ። ከበሩ ሥር የተነጠፈው ፍራሽ ላይ በአፍጢሜ ተደፋሁ።

ቀና ብዬ ከውጭ ቆጠርኩ። እትዬ አስካለ ቱታዋን ሰብስባ ወጣች። ከድር ወጣ። ከዚያ አምስቱ አንዱ ባንዱ ላይ እየተፈናጠሩ፣ ማንም ማንንም ሳይለምን ወጡ። ስምንት። ሚስ ኖራ ሰዓቱን ያዘች፦ አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ሴኮንድ።

እኛ እልል አልን፤ እትዬ አስካለ መጋዘኑን አናወጠችው። ከድር «አፉ ይበሉኝ፣ ጎዳሁዎት?» እያለ፣ ይቅርታ እየጠየቀ፣ ቱታዬን ያራግፋል። ሚስ ኖራ ግን አልሳቀችም። ወረቀቷ ላይ ጽፋ ጽፋ «ውሳኔውን ሰኞ እንነግራችኋለን» ብላ ሄደች።

ሰኞ

ቅዳሜና እሑድ እንዴት እንዳለፉ አልጽፍም፤ እትዬ አስካለ አበላችን፣ ከድር ባሕር ወስዶ አሳየን፣ እኛ ግን ባሕሩንም አላየነው። ሰኞ ማለዳ ስልኩ ጮኸ። ሰብለ አነሳች። «ኦኬ» አለች። ቆየችና «ኦኬ» አለች። ዘጋችው። መጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ራሷን ጉልበቴ ላይ አደረገች።

«በሩ ይቆያል አሉ» አለችኝ። «ወንበሩንም እንደ ዓርቡ እንድነድፈው።»

«አንቺስ?»

«እኔም እቆያለሁ፣ አባዬ።»

ከደረቴ ላይ ድንጋይ የተነሳ ያህል ቀለለኝ። ሳቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ፤ እሷም አብራኝ። ሐሙስ ማታ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተስዬ ነበር፤ ምን ብዬ እንደተሳልኩ በደንብ የገባኝ ግን በሳምንቱ አውሮፕላን ውስጥ ብቻዬን ስቀመጥ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጃንጥላውን ይዤ ቁልቢ እወጣለሁ። ሌላው ሰው ልጁ እንድትመለስለት ይሳላል፤ እኔ ስለቴን የማስገባው ልጄ እዚያው ስለቀረችልኝ ነው።